የቢራ ገብስ ውል እንፈርም ወይስ እንተው? ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቤተሰቦቼ ኩታበር ደጋው ላይ ሦስት ጥማድ መሬት አላቸው (አንዱ ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነው)። ገብስ፣ ባቄላና ስንዴ እያፈራረቁ ይዘራሉ። ዘንድሮ አንድ ሰው ቀበሌው ድረስ መጥቶ የቢራ ገብስ በውል እንዲዘሩ ጠይቋቸዋል። ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ያቀርባል፣ ምርቱንም ራሱ ይረከባል። አባቴ ‹ኮንትራት ከሰጠሁ መሬቴን ሰጠሁ ማለት ነው› ብለው እንቢ አሉ። እኔ ግን ዚምባብዌ ውስጥ በውል ትምባሆ የሚያመርቱ ትንንሽ ገበሬዎች ውል ከሌላቸው ይልቅ በሄክታር ብዙ እንደሚያገኙ አንብቤያለሁ። እዚያ ከሠራ እዚህ ለምን አይሠራም? ደግሞ የቢራ ፋብሪካው ኮምቦልቻ ስለሆነ ገበያው ደጃችን ነው። አባቴን ላሳምናቸው?»

ከአባትህ ልጀምር። የፈሩት ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በእኛ አካባቢ «ኮንትራት» ሲባል ገበሬው የሚሰማው የመሬት ኪራይ ነው። መሬቱን ኮንትራት ሰጠ ማለት ብር ተቀብሎ ለተወሰነ ዓመት ለሌላ አራሽ ለቀቀ ማለት ነው። የእኩል ደግሞ ሌላ ነው፤ ባለመሬቱና አራሹ ምርቱን ይካፈላሉ። ሰውየው ያመጣው ከሁለቱም አይደለም። የግብርና ምርት ውል ይባላል። መሬቱ በእጃችሁ ነው፤ የምታርሱት እናንተ ናችሁ፤ የምትሸጡት ገና ያልተዘራውን ምርት ነው። ይህ ዓይነቱ ውል የራሱ ሕግም አለው፤ የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ይባላል። ስለዚህ አባትህ የሚፈሩት ነገር በትክክለኛ ውል ውስጥ የለም። ነገር ግን አንድ ነገር ጠብቁ። ሰውየው የመሬት ይዞታ ደብተሩን በመያዣነት ከጠየቀ ወይም ፎቶ ኮፒውን «ለፋይል» ብሎ ከወሰደ ንግግሩ እዚያው ይቁም። የምርት ውል ደብተር አይፈልግም። እናትህም ደብተሩ ላይ ስማቸው ካለ ሳይሰሙና ሳይስማሙ አይፈረም። ዕዳው የቤቱ ዕዳ ነው የሚሆነው።

የገበያውን ጉዳይም እናስተካክል። የቢራ ፋብሪካ ዋና ጥሬ ዕቃው ብቅል ነው፤ ገብሱ መጀመሪያ ብቅል ፋብሪካ ገብቶ መብቀል አለበት። ትልልቆቹ የብቅል ፋብሪካዎች ያሉት አሰላ፣ ጎንደር፣ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ነው። ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን ብቻ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኩታበር ወርዶ፣ ደሴን አልፎ፣ ሐረጎን ተጠማዝዞ ኮምቦልቻ የሚደርስ ገብስ የመንገዱን መጀመሪያ ነው የጨረሰው። የቢራውን ጭስ ከመስኮትህ ስላየህ ገበያው ቅርብ እንዳይመስልህ። የመኪናውን ኪራይ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ሂሳቡ ዞሮ ዞሮ በእናንተ ዋጋ ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ዚምባብዌ። ያነበብከው ከእውነት የራቀ አይደለም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 237 ሚሊዮን ኪሎ ትምባሆ አምርታ ነበር። የመሬት ሥሪቱ ሲቀየርና ኢኮኖሚው ሲናጋ ምርቱ በ2008 ወደ 48 ሚሊዮን ኪሎ ወረደ። የውል ግብይቱ የተጀመረው በ2004 ነው። ከዚያ በፊት ትምባሆው በጨረታ አዳራሽ ነበር የሚሸጠው። ዛሬ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሸጠው በውል ነው፤ በ2023 ምርቱ ወደ 296 ሚሊዮን ኪሎ ደርሷል። አብዛኛው አምራች ደግሞ ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ነው። ባንክ የማያበድረው ገበሬ ማዳበሪያ የሚያገኘው ከውሉ ስለነበረ ውሉ ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

አንባቢ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «በውል ያሉት የበለጠ አመረቱ» ማለት «ውሉ ነው ያስመረታቸው» ማለት አይደለም። ኩባንያ ሲመዘግብ ማንን ይመርጣል? መንገድ ዳር ያለውን፣ በሬ ያለውን፣ መሬቱ ደህና የሆነውን፣ አምና ዕዳውን የከፈለውን። እነዚህ ሰዎች ያለ ውልም ከጎረቤታቸው የተሻለ ያመርታሉ። በእናንተ ቀበሌም ሰውየው የመጀመሪያዎቹን ስሞች የጻፈው ከእነማን እንደሆነ አስታውስ። የሁለቱን ምርት አወዳድሮ ልዩነቱን በሙሉ ለውሉ መስጠት ስህተት ነው። ጠንቃቃ አጥኚዎች ይህን ለመለየት ብዙ ይደክማሉ፤ ሲለዩትም ብዙ ጊዜ የውሉ ድርሻ መጀመሪያ ከታየው ያንሳል።

ደግሞ ትምባሆ ከገብስ በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። አይበላም። ገዢው ዋጋውን ቢሰብር ገበሬው ቅጠሉን ይዞ የትም አይሄድም። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ብዙ አውጥቶበታል። ችግኙን በመደብ ያፈላል፣ ይተክላል፣ አበባውን ይቀጥፋል፣ ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ እየለቀመ በጎጆ ውስጥ በእሳት ያደርቃል። ለዚያ እሳት ዛፍ ይቆረጣል። እርጥብ ቅጠል ሲለቅም የዋለ ሰው ኒኮቲኑ በቆዳው ይገባና ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል። ቤተሰብ ሁሉ ነው የሚሠራው፤ በሄክታር የሚገኘው ኪሎ ውስጥ ግን ያ ጉልበት አይታይም። አንድ ቀን የትምባሆ ውል ይዞ የሚመጣ ካለ ለሦስት ጥማድ ባለቤት ምክሬ አትንኩት የሚል ነው።

ገብስ ግን ከውሉ ቢወድቅ እንኳ ቆሎ ይሆናል፣ በሶ ይሆናል፣ ለጠላ ይሆናል፣ ሰኞ ገበያ ይሸጣል። ይህ ለገበሬው ትልቅ አቅም ነው። ከገዢው ጋር ስትነጋገሩ ሌላ መውጫ እንዳላችሁ አውቃችሁ ተነጋገሩ።

እንግዲህ ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ውል ምርት የሚጨምረው በምንድን ነው? በአራት መንገድ ነው፤ በዘር፣ በማዳበሪያ፣ በምክርና በተስፋ። ገዢ እንዳለው የሚያውቅ ገበሬ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ያርሳል፣ አረሙንም ሳይታክት ይነቅላል። ሁሉም ግን በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ በጊዜ። ኩታበር ላይ የክረምት ገብስ ሰኔ ውስጥ ወይም በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት መሬት ካልገባ፣ ፍሬው ሳይሞላ የጥቅምት ውርጭ ይቀድመዋል። በተለይ ከዘር ጋር የሚገባው ማዳበሪያ፣ ገበሬው አሁንም «ዳፕ» የሚለው፣ ፎስፈረሱ አፈር ውስጥ አይንቀሳቀስም። ሥሩ አጠገብ በዘር ጊዜ ካልተቀመጠ፣ በኋላ ከላይ ቢበተን ብዙም አይረባም።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የመደቡኝ ደጋ ቀበሌ ውስጥ ከመቶ በላይ ገበሬ ውል ፈርሞ ነበር። እኔም ቤት ለቤት እየዞርኩ ካስፈረሙት አንዱ ነኝ። ዘሩ ሰኔ ላይ መጣ። ማዳበሪያው ሐምሌ ሃያን አልፎ መጣ። ጎህ ሳይቀድ ከመጋዘኑ በር ላይ በዝናብ ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ላስቲክ ተከናንበው፣ አህያቸውን ይዘው። ግማሹ ያለ ማዳበሪያ ዘርቶ ጨርሷል። የቀረው የጠበቀው ነው፤ የጠበቀውን ውርጭ መታው። በውል የተዘራው ማሳ ካልተዋዋለው ጎረቤት አንድ ኩንታል አልበለጠም። ዕዳው ግን ሳይጎድል ተሰበሰበ፤ ውሉ ላይ ገበሬው የሚያስረክብበት ቀን ተጽፏል፣ ኩባንያው የሚያቀርብበት ቀን ግን አልተጻፈም። ያንን ወረቀት እኔ አንብቤዋለሁ፤ የጎደለውን ግን አላየሁም። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ያልከን?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ውል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈልገው የግብዓት መድረሻ ቀኑን ነው።

የቢራ ገብስ ራሱ የሚፈልገውን ደግሞ ተረዳ። ብዙ ሰው ገብስ ገብስ ነው ይላል። እናትህ ለጠላ ብቅል ሲያበቅሉ አስተውለህ ከሆነ ምሥጢሩን ታውቀዋለህ። ገብሱን ይነክሩታል፣ በቅጠል ሸፍነው ያስቀምጡታል፣ ሲጎነቁል ያሰጡታል። የተሰበረ ፍሬ አይጎነቁልም። አንዴ በቅሎ የደረቀም ሁለተኛ አይበቅልም። ፋብሪካውም የሚፈልገው ይኸንኑ ነው፦ በሕይወት ያለ፣ እኩል የሚበቅል ፍሬ። ከመቶው 95ቱ እንዲበቅሉ ይፈለጋል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ፕሮቲኑ ደግሞ ከ9 እስከ 12 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት።

ፕሮቲኑ ላይ ገበሬን የሚያስት ነገር አለ። ዩሪያ ስትጨምር ማሳው ይጠቁራል፣ ያምራል፣ ኩንታሉም ይጨምራል። ነገር ግን የበዛ ዩሪያ፣ በተለይ ዘግይቶ የተበተነ፣ የፍሬውን ፕሮቲን ከፍ ያደርገውና ፋብሪካው «አይሆነኝም» ይላል። የትምባሆ ገበሬውም ችግር ይኸው ነው፤ ናይትሮጂን የበዛበት ቅጠል ሰፊና ከባድ ይሆናል፣ ሲደርቅ ግን ቀለሙ ይበላሻል፣ ደረጃውም ይወርዳል። ሁለቱም ሰብሎች የሚከፈላቸው በኩንታል ብቻ ሳይሆን በጥራት ነው። ስለዚህ የአባትህን የባቄላ መሬት ለቢራ ገብስ ካሰባችሁት ባቄላው ናይትሮጂን ትቶ ሄዷልና ዩሪያውን ቀነስ አድርጉ። የልማት ሠራተኛውን መሬቱን አሳዩትና መጠኑን አብራችሁ ወስኑ።

ባለፈው ዓመት የምግብ ገብስ የነበረበት ማሳ ላይ ግን የቢራ ገብስ አትዝሩ። ወፍ ዘራሹ ይበቅልና ይቀላቀላል። ጥቂት ዓመት ይሆናል፣ አንድ መረከቢያ ጣቢያ ቆሜ ያየሁትን ልንገርህ። አንዲት እናት በሁለት አህያ አራት ጆንያ አምጥተዋል። ተረካቢው ጆንያውን ፈትቶ በእፍኙ ዘገነ፣ ወንፊት ላይ አፈሰሰ፣ ነቀነቀው። ቀጫጭኑ ፍሬ ወረደ። የቀረውን መዳፉ ላይ ዘርግቶ በጣቱ ሲገፋው ጥቁር ጥቁር ፍሬ ብቅ ብቅ አለ። ጥቁር ገብስ ነው። ማሳቸው ንጹሕ ነበር፤ የተቀላቀለው አውድማው ላይ ነው። የጎረቤት ጥቁር ገብስ ተወቅቶ በወጣበት አውድማ፣ ሳይጠረግ የእሳቸውን ወቁት። ሁለቱ ጆንያ ተመለሰ። ሴትዮዋ አልተከራከሩም፤ ፍሬውን ከተረካቢው መዳፍ ላይ ወስደው አፋቸው ውስጥ አስገቡና «ጥሩ ገብስ እኮ ነው» አሉ። ለቆሎ ጥሩ ነበር። ሁለት ጆንያ የወደቀው አንድ ሸራ ስላልተነጠፈ ነው። ለዚህ ነው አውድማ ላይ ሸራ አንጥፉ የምለው። በመውቂያ ማሽንም ከሆነ ፍጥነቱ እንዲስተካከል ንገሩት፤ ሲፈጥን ፍሬውን ይሰብረዋል።

የበልግን ነገር ደግሞ ከሌላ አካባቢ የመጣ ባለሙያ ላይነግራችሁ ይችላል። የእኛ ደጋ በበልግም ያርሳል። የበልግ ገብስ የሚደርሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ታጭዶ ክምር ላይ እያለ ዝናብ ከነካው ፍሬው እዚያው ይጎነቁላል ወይም ይጠቁራል። ለእንጀራ ይሆናል፤ ለብቅል አይሆንም። ስለዚህ ውሉ ለክረምት ብቻ ይሁን። «በበልግም ዝሩልኝ» ካለ እንቢ በሉ።

ኮምቦልቻ ዙሪያ ቃሉ ላይ ያለ ዘመድህም «ለእኔም አስመዝግበኝ» ቢልህ ግን ያ ቆላማ ነው። ደጋው የሚሰጠውን ቀዝቃዛና ረጅም የመሙያ ጊዜ አያገኝም፤ ፍሬው ይቀጥናል። ለእሱ ማሾና ማሽላው ይሻለዋል።

አሁን ሂሳቡን እናስላ። ብሩ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር በኩንታል እናድርገው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ የራሳችሁን ተክታችሁ ሥሩት። በአገር ደረጃ የገብስ አማካይ ምርት በሄክታር 25 ኩንታል አካባቢ ነው፤ የእናንተን ትንሽ ዝቅ አድርገን በአንድ ጥማድ 5 ኩንታል እንበል። ለማዳበሪያ የምታወጡት 1 ኩንታል የሚያወጣ ነው። ቤት የሚገባው 4 ነው። በውል ስትዘሩ 8 አገኛችሁ እንበል። የዘሩና የማዳበሪያው ዕዳ ከነወለዱ 2 ተኩል ይወስዳል። ለተጨማሪ አረምና ለውቂያ የምትቀጥሩት ሰው ግማሽ ኩንታል ይበላል። የቀረው 5 ነው፤ ከእሱ ውስጥ 1 በጥራት ይወድቅና ቤት ይመለሳል። ምርቱ በ3 ኩንታል ጨመረ፤ ለቤቱ የተረፈው ግን በ1 ነው። የቢራ ገብስ ዋጋ ከምግብ ገብስ ከፍ ካለ ትርፉ ከዚህ ይሰፋል። ጥሩ ነው፤ ግን ወሬው ላይ እንደሚባለው እጥፍ አይደለም።

ክፉ ዓመት ሲመጣስ? በረዶ መታው ወይም ዝናቡ ቶሎ ቆመ እንበል። በድሮው አዘራር 3 ኩንታል አግኝታችሁ 1 ለማዳበሪያ ይወጣል፤ 2 ይቀራል። በውል 4 ታገኛላችሁ፤ ዕዳውና የሰው ጉልበቱ 3 ይወስዳል፤ 1 ይቀራል። በሄክታር ሲለካ በክፉውም ዓመት ውሉ አሸንፏል። ቤት የገባው ሲቆጠር ግን ተሸንፏል። ሦስቱንም ጥማድ አስፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ዓመቱን የሚገፋው በ3 ኩንታል ነው። የአባትህ እንቢታ ምክንያቱ ቢሳሳትም ፍርሃቱ ቦታውን አልሳተም።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ እንነጋገር። በቃል የተባለውን ሁሉ ተዉት፤ በአማርኛ ተጽፎ፣ አንዱ ቅጂ እናንተ ቤት ይቀመጥ። መጀመሪያ፣ ዘሩና ማዳበሪያው የሚደርስበት ቀን ይጻፍ፤ ለምሳሌ እስከ ሰኔ 5። ቀጥሎ «ከዚህ ቀን ካለፈ ገበሬው ግብዓቱን አለመቀበልና ከውሉ በነጻ መውጣት ይችላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይግባ። ሌላውን ሁሉ ተደራድራችሁ ብትለቁ እንኳ ይህን አትልቀቁ። የግብዓቱ ዋጋም አሁኑኑ በብር ይጻፍ፣ ወለዱም ጭምር። ሲከፈል የሚነገር ዋጋ አይሆንም።

የምርቱ ዋጋ ላይ ሁለት ዓይነት ወጥመድ አለ። አንዱ «በወቅቱ ገበያ ዋጋ» የሚለው ነው፤ የማን ገበያ እንደሆነ አይናገርም። ሌላው ድርቅ ያለ ቁርጥ ዋጋ ነው። ቁርጥ ዋጋ በሰኔ ደስ ይላል። ኅዳር ላይ ገበያው ከፍ ሲል ግን ገበሬው ሌሊት በአህያ ጭኖ ለነጋዴ ይሸጣል። ዚምባብዌም ውስጥ የውሉ ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው፤ በአንዱ ብድር የተመረተ ትምባሆ በሌላ ስም ለሌላ ይሸጣል። የሚሻለው ሁለቱን ማያያዝ ነው፦ በርክክቡ ሳምንት ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ያለው የምግብ ገብስ ዋጋ፣ በዚያ ላይ ይህን ያህል ጭማሪ፣ ግን ከዚህ ብር በታች አይወርድም። እንዲህ ከሆነ ገበያው ወጣም ወረደ ሁለታችሁም ውሉን የምታፈርሱበት ምክንያት ይቀንሳል። ካልተጻፈ፣ በኋላ ዋጋው ተለወጠብኝ ማለት አያዋጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድን ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ብሎ አይቀበልም።

ሚዛኑና ምርመራው ገበሬው ባለበት፣ በቀበሌው ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ይደረግ። ደብረ ብርሃን ደርሶ «ወደቀ» የሚባል ገብስ ተመልሶ አይመጣም፤ ዋጋውን ትነጠቃላችሁ እንጂ። ከእያንዳንዱ ርክክብ ትንሽ ናሙና ታሽጎ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት እናንተ ዘንድ ይቀመጥ። ጭቅጭቅ ሲነሳ ያ አንድ ኪሎ ገብስ ከአሥር ምስክር ይበልጣል። የወደቀው ደግሞ የእናንተ ነው፤ የትም መሸጥ እንድትችሉ ይጻፍ።

ስለ ጉዳት፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአቅም በላይ ከሚላቸው ነገሮች ውስጥ እንደ ጎርፍ ያሉ የተፈጥሮ አደጋዎችና ጦርነት አሉበት። ውርጭን፣ በረዶንና የዝናብ መቅረትን ግን በስም አይጠራም፤ ክርክር ይነሳበታል። ስለዚህ በስማቸው ጻፏቸው። መንገድ መዘጋትንም ጨምሩ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ያየነውን ማንም አልረሳም። ደግሞ ይህ ብቻ አይበቃም። ገብሱን ባለማስረከባችሁ አትጠየቁም ማለት የግብዓቱ ዕዳ ተሰረዘ ማለት አይደለም። ጉዳቱን ቀበሌውና ማኅበሩ ካረጋገጡ ዕዳው ያለ ተጨማሪ ወለድ ወደሚቀጥለው መኸር ይተላለፍ የሚል ይጻፍ። ግማሹን ኩባንያው እንዲሸከም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ እንቢ ይላሉ፣ መጠየቅ ግን ነውር የለውም።

ታማኝነት ከእናንተም ይፈለጋል። በዱቤ የመጣውን ማዳበሪያ ወደ ስንዴው ማሳ ማዞር የተለመደ ነው። የስንዴው ማሳ ሲያምር የገብሱ ይከሳል፣ ዕዳው ግን በገብሱ ስም ነው። ዋጋ ወጣ ብሎ ከውሉ ውጪ መሸጥም የአንድ ዓመት ጥቅም ነው። በሚቀጥለው ሰኔ ለቀበሌው በሙሉ ግብዓት የሚያመጣ ይጠፋል።

ቁርጡን ልንገርህ። አባትህን አሳምናቸው፤ ግን ለአንድ ጥማድ ብቻ፣ ለአንድ ክረምት ብቻ። ያ ጥማድ አምና ገብስ ያልነበረበትና ውሃ የማይተኛበት ይሁን። ሁለቱ ጥማድ እንደ ወትሮው ለቤቱ ቀለብ ይቆዩ። ብቻችሁን አትፈርሙ። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ተዋዋሉ፤ አንድ ገበሬ ስለ ሚዛን ሲጮህ አይሰማም፣ ሃምሳ ሲሆን ይሰማል። የመድረሻው ቀን፣ የዋጋው ወለል፣ ገበሬው ባለበት መመዘንና የውርጩ አንቀጽ፣ እነዚህ አራቱ ካልገቡ አትፈርሙ። ከአራቱ ሦስቱ ገብተው የመድረሻው ቀን ከቀረም አትፈርሙ።

እስከዚያው አንድ ሥራ አለህ። ሰውየው ተመልሶ ከመምጣቱ በፊት ወደ ኩታበር ውጣና ከአባትህ ጋር ቁጭ በል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከየጥማዱ ስንት ኩንታል እንደገባ፣ ለማዳበሪያ ስንት እንደወጣ፣ ስንት ጊዜ ውርጭ እንደመታ ጠይቃቸው፤ ያስታውሱታል። ደብተር ላይ ጻፈው። ከዚያ ከላይ ያሰላሁትን በእናንተ ቁጥር ደግመህ ሥራው፣ ለደግ ዓመትም ለክፉ ዓመትም። ሰውየው ሲመጣ አባትህ ይህን የሂሳብ ደብተር ይዘው ይቀመጡ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄም እሳቸው ይጠይቁ፦ «ማዳበሪያው በስንተኛው ቀን ነው እዚህ የሚደርሰው?»